የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የህንድ የባክቲ መዝሙሮችና የአገሬው ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ

ባለፈው እትም ስለ ህንድ የባክቲ ዘማርያን አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ባክቲ አማኙ አምላኩን በፍቅርና በዝማሬ በቀጥታ የሚቀርብበት የሂንዱ እምነት መንገድ ነው። ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ በደቡብ ህንድ በታሚል ምድር ተነሥቶ በሺህ ዓመት ጊዜ ውስጥ መላውን አገር አዳርሷል። ከዚያ ወዲህ ከሐዋሳ የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ያሉ ስለሆኑ የዛሬውን ገጽ ለእነሱ ሰጥተነዋል። የዘመን ቁጥሮቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ። የማስተምርበት ማስታወሻ «የባክቲ ቅዱሳን ሳንስክሪትን ጥለው የየክልሉን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ፈጠሩ» ይላል። ለተማሪዎቼ እንዲሁ ልንገራቸው? (የታሪክ መምህር፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መምህር፣ እንዲህ ባይነግሯቸው ይሻላል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ።

አንደኛው «ፈጠሩ» የሚለው ነው። ካነዳ በሚባለው የደቡብ ህንድ ቋንቋ ከተጻፉትና እስከ ዛሬ ከቆዩት ታላላቅ ሥራዎች ቀዳሚው «ከቪራጀማርጋ» የተባለው የግጥም መምሪያ ነው፤ የተጻፈውም በ9ኛው ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታው ንጉሥ በአሞጋቫርሻ ቤተ መንግሥት ነው። የካነዳ የባክቲ ገጣሚዎች እነ ባሰቫና የመጡት በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ከ300 ዓመት በኋላ ነው። በሌላው የደቡብ ቋንቋ በቴሉጉም ናናያ የሳንስክሪቱን ታላቅ የጀግኖች ታሪክ «ማሃባራታን» ወደ አገሩ ቋንቋ መመለስ የጀመረው በ11ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ደጅ ሆኖ ነው። በታሚል ደግሞ ከባክቲ መቶ ዓመታት በፊት የፍቅርና የጦርነት ግጥም ነበር፤ አልቫር የሚባሉት 12ቱ የአምላክ ቪሽኑ ዘማርያንና ናያናር የሚባሉት 63ቱ የአምላክ ሺቫ ቅዱሳን ይህንኑ የቆየ የግጥም ሀብት ለአምላክ አዋሉት። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ከሚባሉት የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ለዐፄ ዓምደ ጽዮንና ለዐፄ ይስሐቅ የተገጠሙት ውዳሴዎች ይገኛሉ፤ በጽሑፍ የተረፈልንም ቤተ መንግሥቱ ያስጻፈው ነው።

ሁለተኛው «ጥለው» የሚለው ነው። ጅናኔሽቫር በ1290 ማራቲ በሚባለው የምዕራብ ህንድ ቋንቋ ያጠናቀቀው መጽሐፍ «ጅናኔሽቫሪ» የሳንስክሪቱ ቅዱስ መጽሐፍ «ባገቫድ ጊታ» ትርጓሜ ነው፤ የ700ው ጥቅስ ማብራሪያ በማራቲ ወደ 9,000 የሚጠጋ አንጓ ሆኗል። ቤንጋልን በዝማሬ ያነቃነቀው ቻይታንያ (1486–1534) ራሱ ትቶት አለፈ የሚባለው 8 የሳንስክሪት አንጓ ብቻ ነው፤ ስለ እሱ የተጻፉት ረጃጅም የሕይወት ታሪኮች ግን በአብዛኛው በቤንጋሊ ናቸው። በደቡብም በመምህሩ በራማኑጃ መንገድ የሚሄዱት የቪሽኑ አማኞች የአልቫሮቹን 4,000 የታሚል አንጓ ከጥንታዊው የሳንስክሪት ቅዱስ መጽሐፍ ከቬዳ እኩል ቆጥረው በቤተ መቅደስ ያዜሙታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ኖረዋል።

ታዲያ ባክቲ ምን አመጣ? አቀንቃኝና ተቀባይ አመጣ። የቤተ መንግሥት ግጥም የሚሰማው ማንበብ የሚችል፣ ወይም ከንጉሡ ፊት የመቆም ዕድል ያገኘ ነው። አዝማች ያለው መዝሙር ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው በአንድ ምሽት ይይዘዋል፤ በማግሥቱም ለሌላው ያቀብለዋል። ናምዴቭ ልብስ ሰፊ ነበር። ካቢር ሸማኔ፣ ራቪዳስ ቆዳ ሠራተኛ ነበሩ። ቾካሜላ «አይነኬ» ከሚባሉት ወገን በመሆኑ ወደ ፓንደርፑር ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ መዝሙሩ ግን ዛሬም ይዘመራል። እነዚህ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲገጥሙ የሥራ ቤታቸው ቃል ሁሉ፣ ሸማው፣ ማጉ፣ ቆዳው፣ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ገባ። በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ከፈለጉ ይህን ይጻፉ፦ «ቤተ መንግሥቶች በአገሬው ቋንቋ መጻፍ ጀመሩ፤ የባክቲ ዘማርያን ያን ቋንቋ ከወረቀት ይልቅ በዜማ ወደ ሕዝቡ አደረሱት፤ የገጣሚውንም ማንነት አሰፉት።»

የግጥም ክበባችን ከካቢር «ዶሃ» አንድ ሁለቱን በአማርኛ ፊደል ጽፎ በቃል ሊያጠና ፈልጓል። ዶሃ ምጣኔው እንዴት ነው? በአማርኛ ስንቆጥረው አልገጥም አለን። (የንባብ ክበብ አባላት፣ ሐይቅ ዳር)

ያልገጠመላችሁ በወል ቤት ልማድ ስለቆጠራችሁት ነው። ወል ቤታችን ስንኙን 6 በ6 አድርጎ 12 ቀለም ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቀለም፣ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ አንድ ነው። ዶሃ ግን የሚቆጥረው የድምፅ ርዝመት ነው። አጭር ቀለም 1፣ ረጅም ቀለም 2 ተብሎ ይያዛል። ስንኙ በ13 ይከፈታል፣ ትንሽ ያርፋል፣ በ11 ይዘጋል፤ ድምሩ 24። ሁለት ስንኝ አንድ ዶሃ ነው፤ ቤት የሚመታውም በሁለቱ ስንኞች መጨረሻ ነው።

በካቢር ስም ከሚነገሩት በጣም የታወቀውን እንውሰድ፦

በራ ሁኣ ቶ ክያ ሁኣ፣ ጀይሴ ፔረ ከጁረ፤
ፐንቲ ኮ ቻያ ነሂ፣ ፐለ ላጌ ኧቲ ዱረ።

«ትልቅ ቢሆንስ ምን ይረባል? እንደ ተምር ዛፍ ነው፤ ለመንገደኛ ጥላ የለው፣ ፍሬውም እጅግ ሩቅ» ማለት ነው።

አሁን ቁጠሩ። በ 1፣ ራ 2፣ ሁ 1፣ ኣ 2፣ ቶ 2፣ ክያ 2፣ ሁ 1፣ ኣ 2፤ ይህ 13 ነው። ጀይ 2፣ ሴ 2፣ ፔ 2፣ ረ 1፣ ከ 1፣ ጁ 2፣ ረ 1፤ ይህ 11 ነው። ሁለተኛው ስንኝም፦ ፐን 2፣ ቲ 2፣ ኮ 2፣ ቻ 2፣ ያ 2፣ ነ 1፣ ሂ 2፤ 13። ፐ 1፣ ለ 1፣ ላ 2፣ ጌ 2፣ ኧ 1፣ ቲ 1፣ ዱ 2፣ ረ 1፤ 11።

ፊደላችን እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ይረዳል፣ ግማሽ መንገድ ያስታል። የህንዱ አጭር ድምፅ በግዕዝ (በ፣ ረ)፣ ረጅሙ በራብዕ (ባ፣ ራ) ሲጻፍ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ኃምስና ሳብዕ (ሴ፣ ቶ) በዚህ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ 2 ናቸው። ችግሩ ያለው ካዕብና ሳልስ ላይ ነው። «ፐንቲ» ላይ ያለው ቲ ረጅም ነው፤ «ኧቲ» ላይ ያለው ቲ አጭር ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። የ«ሁ» እና የ«ዱ»ም ነገር እንዲሁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ረጅም የሆነውን ካዕብና ሳልስ ከሥሩ አስምሩበት። ደግሞ የመጨረሻዋን «ረ» አትዋጧት። በዕለት ንግግር «ፔር፣ ከጁር» ይባላል፤ በግጥሙ ግን ተነባቢዋ ድምፅ ይዛ 1 ትቆጠራለች። አብዛኛው ሰው 11ዱን 9 ወይም 10 የሚያደርገው እሷን ስለሚረሳ ነው። በምላስ ላይ አንድ የተነባቢ ክምችት ሲያጋጥም ከፊቱ ያለው አጭር ቀለም ወደ 2 ያድጋል፤ «ፐን» 2 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝሙሩ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ኢንተርኔት ላይ አንዱን ግጥም አንዱ የሚራ፣ ሌላው የሱርዳስ ነው ይላል። (የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መጀመሪያ የመጨረሻውን አንጓ ተመልከት። የባክቲ ገጣሚ ስሙን ወይም የአምላኩን መጠሪያ እዚያ ያስገባል። ካቢር «ካቢር እንዲህ ይላል» ብሎ ይገባል፤ የማራቲው ቱካራም «ቱካ ይላል» ይላል። ሚራ «የሚራ ጌታ ጊርዳር ናገር» ትላለች። የካነዳዎቹ ከራሳቸው ስም ይልቅ የአምላካቸውን ስም ይመርጣሉ፤ ባሰቫና «የሚገናኙት ወንዞች ጌታ» ሲል፣ አካ ማሃዴቪ ቼና ማሊካርጁናን ትጠራለች። ፑራንደራዳሳ ደግሞ በ«ፑራንደራ ቪታላ» ይዘጋል። ካነዳ ላይ የአምላኩን ስም ካወቅህ ገጣሚውን አወቅህ ማለት ነው።

ይሁንና ስሙ መነሻ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። በኋላ ዘመን የተነሡ ዘማርያን በካቢር መንገድ የገጠሙትን በካቢር ስም ይዘጉታል፤ ለእነሱ ይህ መስረቅ አልነበረም፤ መዝሙሩ የማን ቤት እንደሆነ መናገር ነበር። የሰሜን ህንዱን ገጣሚ የሱርዳስን ነገር ብታይ፣ ከሁሉም ቀድሞ ዘመኑ የተጻፈበት የእጅ ጽሑፍ የ1582 ሲሆን የያዘው ወደ 240 የሚጠጉ የሱርዳስ መዝሙሮችን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተመው ጥራዝ ግን 5,000 ገደማ ደርሷል። የካቢርም ሥራ በሦስት መስመር ነው የደረሰን፦ በምሥራቅ «ቢጀክ»፣ በራጀስታን የተሰበሰቡት፣ በፑንጃብ ደግሞ የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ። በሦስቱም የሚገኘው መዝሙር ጥቂት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የመዝጊያውን ስም ለይ። ስሙ ከምጣኔው ጋር በትክክል መግጠሙን ቁጠር፤ አንዱን ስም አውጥቶ ሌላ የተካ ሰው ብዙ ጊዜ ቆጠራውን ያበላሻል። ከዚያ መዝሙሩ የሚገኝበት ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ የመቼ እንደሆነ ጠይቅ። ገጣሚው ከሞተ 200 ዓመት በኋላ ብቻ ብቅ ያለ ከሆነ በመመረቂያ ጽሑፍህ «በሚራ ስም የሚዘመር» በል እንጂ «ሚራ የገጠመችው» አትበል።

በአረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ አነባለሁ። በህንድም ሙስሊም ገጣሚዎች ከዚህ እንቅስቃሴ ጋር ይገናኛሉ ወይ? (አንባቢ፣ መናኸሪያ)

ይገናኛሉ፤ እንዲያውም በአንድ ቦታ ላይ ቀድመው ነው የተገኙት። ቱልሲዳስ በ1574 የጀመረው «ራምቻሪትማናስ» የሰሜን ህንድ ሰው በቃሉ የሚይዘው የራማ ታሪክ ነው፤ ቋንቋው አዋዲ የሚባለው የሰሜን ህንድ ቋንቋ፣ አሠራሩም 16 ልኬት ባላቸው «ቾፓይ» የሚባሉ ሐረጎች እየሄደ በዶሃ ማሰር ነው። በአዋዲ ረጅም ትረካ በዚሁ ዓይነት አካሄድ መግጠም ግን የሱፊ ገጣሚዎች ልማድ ነበር። ማውላና ዳውድ «ቻንዳያንን» በ1379፣ ጃያሲም «ፓድማቫትን» በ1540 ጀምረዋል። እርስዎ እንደሚያነቡት መንዙማ ሁሉ፣ የጃያሲ መጽሐፍ በብዙዎቹ የእጅ ቅጂዎቹ የደረሰን በፋርስኛ ፊደል ነው፤ ቋንቋው ግን የአገሩ ነው። ካቢርም የተወለደው ወይም ያደገው በሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ነው። በ1604 ጉሩ አርጃን ያሰባሰበው የሲኮች መጽሐፍ የካቢርን፣ የራቪዳስንና የናምዴቭን መዝሙሮች ከሱፊው ከሼክ ፋሪድ ስንኞች ጋር በአንድ ጥራዝ ይዟል።

ሴት ገጣሚዎች ነበሩ? መጽሐፉ ላይ ሚራ ብቻ ናት ያለችው። (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)

ብዙ ነበሩ፣ እህታችን። ከሚራ (16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ራጀስታን) እጅግ ቀድማ በታሚል ካራይካል አማያር ገጥማለች። አንዳል ከ12ቱ አልቫሮች ብቸኛዋ ሴት ናት፤ «ቲሩፓቫይ» የተባለው 30 አንጓ መዝሙሯ እስከ ዛሬ በማርገዚ ወር ንጋት ላይ በየቀኑ አንዳንድ አንጓ እየተባለ ይዘመራል። ወሩ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 7 ገደማ እስከ ጥር 6 ገደማ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አካ ማሃዴቪ በካነዳ፣ በ14ኛው ላል ዴድ በካሽሚሪ ገጥመዋል። የላል ዴድ አራት አራት ስንኝ ያላቸው ግጥሞች በካሽሚሪ ቋንቋ ከሚታወቁት ቀደምት ሥራዎች ውስጥ ናቸው። በማራቲ የቤት ሠራተኛዋ ጃናባይ አለች፤ ስትፈጭና ስትጠርግ አምላኳ አብሯት እንደሚሠራ ትዘምራለች። ለክፍል ሥራሽ አንዷን ብቻ ምረጪ ብንባል አካ ማሃዴቪን እንላለን፤ ቃሏ አጭርና ያልተሸፈነ ስለሆነ ትርጉም ብዙም አይጎዳውም።

የብራና መጽሐፍ እጠግናለሁ። እነሱ በምን ላይ ይጽፉ ነበር? (አንባቢ፣ ቱላ)

በደቡብና በምሥራቅ በዘንባባ ቅጠል ላይ ነበር። ቅጠሉ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፤ በብረት መጫሪያ ይጫራል፤ ከዚያ በዘይት የተለወሰ ጥላሸት ይታሽበትና ጭረቱ ይጠቁራል። በቀዳዳው ክር አልፎ በሁለት ጣውላ መሐል ይታሰራል። ብራናን የለመደ እጅ የሚገርመው ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ እርጥበትና ነፍሳት ስለሚበሉት በየጊዜው ካልተገለበጠ ይጠፋል። ስለዚህ ከጥንት የተረፈው ሰው እየዘመረ ደጋግሞ ያስገለበጠው ነው። ከዚህ የተለየው የቴሉጉው አናማያ (1408–1503) ነው፤ መዝሙሮቹ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው ከ12 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደርሰውናል።

በቤተ መጻሕፍት አንድ ምሽት ስለ ባክቲ ለማዘጋጀት አስበናል። ሁለት መዝሙር ወደ አማርኛና ወደ ሲዳምኛ ልንተረጉም ነው። ምን ይጠብቀናል? (የወጣቶች ማኅበር፣ ሐዋሳ)

ለአማርኛው «አብሃንግ» የሚባለውን የማራቲ የባክቲ መዝሙር ምረጡ፣ ዶሃውን ለሲዳምኛ ተዉት። አብሃንግ እንደ እኛ ግጥም ቀለም ይቆጥራል፣ ርዝመት አይቆጥርም። ትልቁ አብሃንግ አንጓው አራት ሐረግ ነው፦ 6፣ 6፣ 6፣ 4። ቤት የሚመቱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ቅርጹን ለማሳየት እዚሁ የገጠምነው ይኸው፦

ሕዝቡ ጉዞ ወጣ፣
ከበሮው ሲመታ፣
ከጧት እስከ ማታ፣
አላረፈም።

ስትቆጥሩ ቀለሙን እንጂ ፊደሉን አትቁጠሩ። «እስከ» ሦስት ፊደል ናት፤ በአፍ ግን ሁለት ቀለም። አጭሯ አራተኛ ሐረግ ማረፊያ ናት፤ አቀንቃኙ ትንፋሽ የሚወስደው፣ ተቀባዩ የሚገባው እሷ ላይ ነው። ተርጓሚዎች ለሐሳቡ ቦታ ሲያጡ እሷን ወደ 6 ያስረዝሟታል፤ ያን ጊዜ መዝሙሩ ዝርው ሆኖ ይቀራል።

ሲዳምኛ አናባቢ ሲረዝም ደራርቦ ይጽፋል፤ ስለዚህ ከላይ ያየነው የ1 እና የ2 ቆጠራ በጽሑፉ ላይ ሳይጠፋ ይታያል። ዶሃውን በዚያ ብትሞክሩት አማርኛ የማይሰጣችሁን ታገኛላችሁ። ሲዳምኛ የሚያውቀው ሰው ከእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ እንዳይነሣ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው የዋናውን ግጥም ድምፅ በፊደል ጽፎ ቆጠራውን ከጎኑ ያስቀምጥለት፤ ከሥሩ ደግሞ ቃል በቃል ፍቺው ይግባ።

በጣም የሚበላሸው አዝማቹ ነው። አዝማች ከእያንዳንዱ አንጓ በኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከሁሉም አንጓ ጋር ሰዋስዉ መያያዝ አለበት። መጀመሪያ አዝማቹን ተርጉሙ፣ ቀጥሎ አንጓዎቹን ወደ እሱ የሚያመሩ አድርጋችሁ ጨርሱ። በተቃራኒው ከሠራችሁት ሦስተኛው አንጓ ላይ «እሱ» ማን እንደሆነ ይጠፋል። የገጣሚውንም ስም ከመጨረሻው አንጓ አታውጡ፤ አድማጭ መዝሙሩ ማለቁን የሚያውቀው በእሱ ነው።

በምሽቱ ንግግሩን አሳጥሩት። 15 ደቂቃ መግቢያ በቂ ነው። ከዚያ አንድ አቀንቃኝ ሐረጉን ያውጣ፣ አዳራሹ አዝማቹን ይቀበል፤ ሁለት ጊዜ ካስጠናችሁት ይይዘዋል። ከበሮ ካላችሁ ዝግ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ ይሂድ። በየዓመቱ ከአላንዲና ከዴሁ ተነሥተው ሦስት ሳምንት ገደማ በእግራቸው ወደ ፓንደርፑር የሚሄዱት የማራቲ ተጓዦች አብሃንግን የሚዘምሩት በጸናጽልና በከበሮ እየረገጡ ነው፤ ተቀምጦ የተነበበ አብሃንግ ግማሹ የለም።

የህንድ መጻሕፍት ላይ «ሻካ 1212»፣ «ሳምቫት 1631» የሚል ዓመት አያለሁ። ወደ እኛ እንዴት ልመልሰው? (አንባቢ፣ ባህል አዳራሽ)

ሻካና ሳምቫት ሁለት የህንድ ዘመን አቆጣጠሮች ናቸው። መጀመሪያ ወደ አውሮፓውያን ለመመለስ፣ ሻካ ከሆነ 78 ይደምሩ፤ ሳምቫት ከሆነ 57 ይቀንሱ። ሻካ 1212 የ«ጅናኔሽቫሪ» ዓመት 1290 ነው፤ ሳምቫት 1631 የ«ራምቻሪትማናስ» መጀመሪያ 1574 ነው። ሁለቱም ዘመኖች በአብዛኛው የሚለወጡት በጸደይ፣ በመጋቢት ገደማ ስለሆነ፣ ቀኑ ከጥር እስከ መጋቢት የሚውል ከሆነ 79 ይደመራል፣ ወይም 56 ይቀነሳል። ከዚያ ወደ ዓመተ ምሕረት ለመመለስ ከመስከረም በፊት ላለው ቀን 8፣ ከመስከረም በኋላ ላለው 7 ይቀንሱ። ቱልሲዳስ የጀመረው በራማ ልደት በዓል፣ በጸደይ ስለሆነ 1566 ዓ.ም. ይሆናል።